ቀኑ ሲያልፍ ምን ይቀራል?
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ዛሬ የምንወያይበት ዋና ጉዳይ በመጪው ዓመት የትኞቹን ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ቀናት እናክብር የሚለው ነው። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ፌብሩዋሪ 2 የረግረጋማ መሬቶች፣ ማርች 21 የደን፣ በማግስቱ የውሃ፣ ኤፕሪል 22 የመሬት፣ ሜይ 22 የብዝኃ ሕይወት፣ ጁን 5 የአካባቢ፣ ሴፕቴምበር 16 የኦዞን ቀን ነው። ሁሉንም እናክብር ካልን አንዱንም በወጉ አናከብርም። ስለዚህ ሁለት ብቻ መርጠን ዓመቱን ሙሉ ክትትል እንድናደርግባቸው የሥራ አመራር ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል።

ምክንያታችንን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የመጀመሪያው የመሬት ቀን ሲከበር 20 ሚሊዮን ያህል ሰው አደባባይ ወጥቶ ብክለት በሕግ እንዲገታ ጠየቀ። ዓመቱ ሳያልቅ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተቋቋመ፣ የንጹሕ አየር ሕጉም ጸደቀ። የኦዞን ቀን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ንብርብር ለመጠበቅ አገሮች የተስማሙበት የሞንትሪያል ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈረመ፤ ቀኑ የተሰየመው ግን በ1994 ነው። ፕሮቶኮሉ ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎች በየትኛው ዓመት በምን ያህል መቀነስ እንዳለባቸው በጊዜ ሰሌዳ ስላስቀመጠ፣ ቀኑ በመጣ ቁጥር አገሮች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። የእኛም ቀናት እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስፈልጋቸዋል።

የመጀመሪያው ሐሳባችን ጁን 5፣ የአካባቢ ቀን ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም የተከፈተውን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የሚያስታውስ ሲሆን በብዙ ቦታ ችግኝ ይተከልበታል። ቀኑ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ ዝናብ የሚጥልበት ወቅት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። አፈሩ እስከ ጉድጓዱ ጥልቀት ሳይርስ የተተከለ ችግኝ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ዝናቡ ገና ከሆነ በዕለቱ ጉድጓድ ብቻ እንቆፍር፤ ተከላው ይቆይ። ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ የላይኛው ለም አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይከመር፤ ሲተከል ለሙ አፈር ከሥሩ ዙሪያ ይግባ። ችግኝ ጣቢያውም ችግኙን ከማስረከቡ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥላውን እየገፈፈ፣ ውሃውን እየቀነሰ ያጠንክረው።

ብዙ ሕዝብ በሚተክልበት ቀን በብዛት የሚታየው ስህተት ችግኙን ከነላስቲኩ መቅበር ነው። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ራሱን ያንቃል፤ ዛፉ ለጊዜው ቢለመልምም ከዓመታት በኋላ ይጠወልጋል ወይም ንፋስ ይጥለዋል። ላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቀደድ፣ አፈሩ ሳይበተን ይውጣ፣ ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ይቆረጥ። የግንዱና የሥሩ መገናኛ ከመሬቱ ወለል ጋር ይስተካከል፤ ጠልቆ ከተቀበረ ግንዱ ይበሰብሳል። ለአሥር አሥር ተካይ አንድ የሠለጠነ አባል ቢመደብ ይህ ሁሉ ይያዛል። ላስቲኮቹም ተቆጥረው ይሰብሰቡ፤ ቁጥራቸው ከተተከለው ካነሰ የጎደሉት ያሉት መሬት ውስጥ ነው።

ቆጠራው የሚደረገው ከሦስት ወር በኋላና ደረቁ ወቅት ሲያልፍ ነው። በሪፖርታችን ላይ የጸደቀው ቁጥር እንጂ የተተከለው ብቻ አይጻፍ። ጽድቀቱ ዝቅ ካለ መንስኤው ውርጭ፣ ምስጥ፣ ከብት ወይም አተካከል መሆኑ ተለይቶ ይመዝገብ።

ሁለተኛው ሐሳባችን በሴፕቴምበር የሚውለው የዓለም የጽዳት ቀን ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚቀድመው መኪና ነው፤ ቆሻሻውን የሚያነሳው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ሕዝብ አይጠራ። በጆንያ ታስሮ ወንዝ ዳር ያደረ ቆሻሻ አንድ ዝናብ ሲዘንብ ተመልሶ ወንዝ ይገባል። መርፌና ስብርባሪ ጠርሙስ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ለብቻ ይሰብሰብ። እርጥብ ቆሻሻ ሚዛን ስለሚያሳስት ከኪሎው ይልቅ ዓይነቱ ይቆጠር፦ ስንት የውሃ ጠርሙስ፣ ስንት ፌስታል፣ ስንት የሲጋራ ቁራጭ። ከአምራቾችና ከከተማ አስተዳደር ጋር ስንቀመጥ የሚያስፈልገን ይህ ዝርዝር ነው።

የሁለቱ ቀናት ረቂቅ ዕቅድና በጀት በእጃችሁ አለ። በቅድሚያ ቆጠራውን የሚመራው ንዑስ ኮሚቴ እንዲመረጥ እየጠየቅሁ መድረኩን ለውይይት ክፍት አደርጋለሁ።