ጠገራ ብር አይታጠብም

ጥያቄ፦ «የምደውለው ከቡራዩ ነው። እናቴ ሦስት ጠገራ ብር በሣጥኗ ትታልኝ አርፋለች። ጠቁረዋል። ልሸጣቸው ነው። ጎረቤቴ በአመድና በሎሚ እሺያቸው፣ የተሻለ ዋጋ ያወጣሉ አለችኝ። ልሻቸው?»

መልስ፦ እናትዎን ነፍስ ይማር። እባክዎ እንዳይነኳቸው! ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ላይ ካለው ሰልፈር ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ይህን ቀለም ይወደዋል፤ ሳንቲሙ ዘመኑን ሙሉ ማንም ሳይፈገፍገው መቆየቱን ያይበታል። አመድ ለድስት ጥሩ ነው። ጠገራ ላይ ግን ፀጉር የመሰሉ ጭረቶች ይተዋል። ሳንቲሙን ብርሃን ላይ አዘንበል አድርጎ የሚያይ ገዢ ወዲያው ይለየዋል። ሎሚውም አሲድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ጠገራ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል 1780 ተጽፏል፤ መልኳ ሳንቲሙ ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ያንኑ ዓመት ይዞ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ዕድሜው የሚታወቀው በጥቃቅን ምልክቶቹ ነው፦ በትከሻዋ ጌጥ ዕንቁዎች፣ በንስሩ ላባ፣ በፊደሎቹ። የድሮ ነጋዴዎቻችንም ብሩን የሚቀበሉት እነዚያን ዕንቁዎች ቆጥረው ነበር። አመድ ቀድሞ የሚበላው ደግሞ እነሱን ነው። አንድ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ነው፣ 83 በመቶው ንጹሕ ብር። ምልክቱ ከጠፋ በኋላ የሚቀርዎ ይኸው ሚዛን ብቻ ነው፤ አንጥረኛ በግራም ይገዛዎታል። የስንት ቤት ቅርስ እንዲህ ሲቀር አይቻለሁ፣ ያንገበግበኛል። እንዳለ ያሳዩት። ማጽዳት ካስፈለገ ገዢው ያስብበት።

ጥያቄ፦ «ከለገጣፎ ነኝ። የምኒልክን ብር በጥርስ ሳሙና አሽቼው ቦግ ብሏል። ወደ ድሮው የሚመለስበት መንገድ አለ?»

መልስ፦ የለም ወንድሜ። የተፋቀ ላይኛ ገጽ አይመለስም። በጭስ ወይም በእንቁላል አጥቁረው የሚሉህ ካሉ አትስማቸው፤ የውሸት ጥቁረት ሌላ ጥፋት ነው። ስትሸጥ መታሸቱን ለገዢው ንገረው። ሳንቲሙ ብዙ የማይገኝ ዓይነት ከሆነ፣ ዋጋው ቢቀንስም ፈላጊ አያጣም።

ጥያቄ፦ «ሰበታ ቤት ስንሠራ፣ መሠረት ሲቆፈር የ1936 የመዳብ ሳንቲሞች ወጡ። ጭቃ ይዘዋል።»

መልስ፦ ጭቃ ሌላ ነው፣ እሱ ይለቅ። የተጣራ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፏቸው፤ ቀናት ቢወስድም ታገሡ። በብሩሽ አትንኳቸው፤ አሸዋው ራሱ ይጭራል። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ ነው እንጂ ማሸት የለም። መዳብ ደግሞ ከብርም ይብሳል፤ አንዴ ከተወለወለ ሮዝ ነገር ይሆንና ቡናማ መልኩን ያጣል። ስትይዙት በጠርዙ ያዙት። ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥም አታስቀምጡት፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣበታል። ደረቅ የወረቀት ፖስታ ይበቃዋል።