በጨርቃ ጨርቁ በር ላይ የሚጻፈው ቃል

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ከደቅና ከዘጌ በሌሊት ጀልባ ተሳፍራችሁ የደረሳችሁልን ወገኖቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ!

ባሕር ዳር መታሰቢያ አላጣችም። ዓባይ ዳር የሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። በአውሮፕላን የሚመጣን እንግዳ ገና መሬት ሲረግጥ የሚቀበለው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው፤ ጠላትን መግቢያ መውጫ ያሳጣው፣ በ1937 ዓ.ም. ግን በገዛ አገሩ መንግሥት በስቅላት የሞተው በላይ። ያ ስም በድምፅ ማጉያው ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር ኩራትም ሐዘንም አብረው ይመጡብኛል። ሐይቁ ላይ ደግሞ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ እነ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል ያረፉበት፣ መነኮሳቱ እስከ ዛሬ የሚጠብቁት።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችንን ነው።

እናቴ እዚያ በፈትል ክፍል ሠርታለች። ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ሻሿን ስትፈታ፣ የጥጡ ብናኝ በቅንድቧና በጆሮዋ ሥር እንደ አመዳይ ተጣብቆ አየው ነበር። አባቷ አርበኛ ነበሩ፤ ግራ ክንዳቸው በጥይት ተመትቶ ስለቀረ ጋቢያቸውን የምትደርብላቸው እሷ ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ቡና እያፈላች ሳለ፣ ፋብሪካው የተቋቋመው ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ መሆኑን ነገርኋት። ጀበናውን አውርዳ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት የአባቴን ደም ነዋ የፈተልሁት!» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ክፍያው ዓመታት ተጓተተ፤ መጠኑም ተቀነሰ። በመጨረሻ ከተገኘው ገንዘብ የቆቃ ግድብና የእኛው ፋብሪካ ተሠሩ። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ የተተከለውም ለእሱ መብራት እንዲሆን ተብሎ ነው። ሥራ ፍለጋ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ጎጆ እየቀለሰ ሠፈር ሠራ። ከእኛ ብዙዎቻችን የዚያ ሰው ልጆች ነን።

በእኛ አገር የደም ካሣ በሽማግሌ ፊት ነው የሚቆጠረው፤ የሟቹ ስም ይጠራል፤ ለማን ደም እንደሆነ ይነገራል። በበሩ በፈረቃ የወጡ የገቡ ስንቶቹ ይህን ሰምተው ነበር? እናቴ አልሰማችም። ለእኔ ይህ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ አለ፤ በፋብሪካው በር አጠገብ፣ ከአገራችን ጥቁር ድንጋይ የተጠረበ አንድ የመታሰቢያ ጽሑፍ እንዲቆም። እብነ በረድ አያስፈልገንም። «በእገሌ ተመረቀ» የሚል መስመርም እንዳይኖረው አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ቦታው የአርበኛውና የፈታይዋ ነው። ቃሉን አባላቱ እንመክርበታለን፤ የፋብሪካውንም ፈቃድ በደብዳቤ እንጠይቃለን።

ከዚያ በፊት ግን ሰዎቹን ማግኘት አለብን። በፈትል፣ በሽመናም ሆነ በማቅለሚያ የሠራችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የሠሩ፣ ከሻይ ዕረፍት በፊት ጸሐፊያችን ዘንድ ስማችሁንና የሠራችሁበትን ዘመን አስመዝግቡልን። የድሮ ፎቶግራፍ ወይም የሥራ መታወቂያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ገልብጠን ዋናውን እንመልስላችኋለን። የእናቴን መታወቂያ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው።