በሌለበት አይገደልም፦ በጽሑፍ ስለሚደረግ ውጊያ

(ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። ቀረጻ፦ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ)

ሳምሪ፦ እንደምን አመሻችሁ? ዛሬም አራት ኪሎ ነን። ዝናቡ የጎረቤትን ቆርቆሮ እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባ ይግባ። ለርዕሳችን ይስማማል።

ናቲ፦ ርዕሳችን ውጊያ ነው፤ በጽሑፍ የሚደረግ ውጊያ። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ይመጣል። ተራ በተራ እየጻፍን አንድ ታሪክ አብረን እንሠራለን፤ ሮልፕሌይ የሚባለው ይሄ ነው። ፍቅሩ፣ ጉዞው፣ ተንኮሉ ብዙ ሕግ ሳይፈልግ ይሄዳል። ሰይፍ ሲመዘዝ ግን ጠብ ይነሳል። ጠቡ ደግሞ የገጸ ባሕርያቱ አይደለም፤ የጸሐፊዎቹ ነው።

ሳምሪ፦ እኔ ደርሶብኛል። ሌላ ግሩፕ ውስጥ፣ ከዓመታት በፊት። ሦስት ወር ሙሉ የጻፍኳት ገጸ ባሕርይ ነበረችኝ። እናቷ ማን እንደሆነች፣ ሲበርዳት ምን እንደምትለብስ፣ ሁሉን አውቃለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ውጊያ ገጠምን። መብራት ጠፋ፤ የስልኬ ባትሪም አለቀ። ጠዋት ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው ሞታለች። ባላንጣዬ ብቻውን ሰባት ፖስት ጽፎ፣ አንገቷን ቀልቶ፣ ሬሳዋን ለጅብ ሰጥቶ ጨርሷል። እኔ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ነው የምልህ።

ናቲ፦ የግሩፓችን የመጀመሪያ ሕግ «በሌለበት አይገደልም» የሆነው ለዚህ ነው።

ሳምሪ፦ አዎ። ተራው የደረሰው ሰው 24 ሰዓት አለው። ካልመጣ ውጊያውን የሚመራው ዳኛ በታሪኩ ውስጥ ከእንጦጦ ጭጋግ ያወርዳል። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ማንም ማንንም አያገኝም። ሰውየው ሲመለስ ጭጋጉ ይነሳል፤ ውጊያው ካቆመበት ይቀጥላል። መብራትና ኔትወርክ በሰው እጅ አይደለም። በነሱ ሰበብ ማንም መሞት የለበትም።

ናቲ፦ ሁለተኛው ሕግ ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የሌላውን ሰው ገጸ ባሕርይ አንተ አታንቀሳቅሰውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ይሄን ጥፋት ጎድሞዲንግ ይሉታል። እኛ ደግሞ ለአዲስ ገቢ ስናስረዳ በሁለት ግሶች ነው የምናስረዳው።

ሳምሪ፦ ቃጣ እና መታ!

ናቲ፦ በቃ። መቃጣት ያንተ ነው፣ መመታት የሱ ነው። «ሾተሌ አንገቱን ቀነጠሰው» ብሎ መጻፍ የለም። «ሾተሌን በጋሻው ጠርዝ አዙሬ ወደ አንገቱ ቃጣሁ» ትላለህ፤ እዚያ ላይ ታቆማለህ። ሾተል የሚባለው ሰይፍ እኮ ቆልማማ የሆነው ለዚሁ ነው፣ ጋሻን ዞሮ እንዲደርስ። ደረሰ አልደረሰም፣ ጆሮውን ጫረው ወይስ ትከሻው ላይ አረፈ፣ እሱን ባለቤቱ ይጽፈዋል። ሰው የራሱን ቁስል ሲጽፍ ደግሞ ማንም ሊጽፍለት ከሚችለው በላይ አሳምሮ ይጽፈዋል። ሁሌ ይገርመኛል።

ሳምሪ፦ ግን ሁሉንም የሚያመልጥ ሰው አለ። ጦር ወረወርክበት? ጎንበስ አለ። ቀስት? ዘወር አለ። እሳት? ልብሱን እሳት አይዘውም።

ናቲ፦ ዳይስ እንድናስገባ ያደረገን እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ የዳይሷን ኢሞጂ ስትልክ ውጤቱን የሚያወጣው ሰርቨሩ ነው፤ ላኪው አይቀይረውም። እኛ ሁለት እንጥልና ድምሩን እናያለን። ሁለት ዳይስ 36 አጋጣሚ አለው። 10 እና ከዚያ በላይ የሚወጣው በ6ቱ ብቻ ነው፤ ያኔ ምትህ በደንብ ያርፋል። ከ7 እስከ 9 በ15ቱ ይወጣል፤ ያርፋል ግን አንተም የሆነ ነገር ትከፍላለህ። 6 እና በታች ደግሞ በቀሩት 15 ነው፤ ይስታል። መምታት አለመምታቱን ዳይሱ ይወስናል። እንዴት እንደሆነ የተመታው ይጽፋል።

ሳምሪ፦ ከሦስቱ መሀል ለታሪክ የሚጠቅመው ያ መካከለኛው ነው። ምትህ አረፈ፣ ግን ጋሻህ ተሰነጠቀ። ምትህ አረፈ፣ ግን ጓደኛህን ጥለኸው ወደፊት ሄድክ። እኔ በ10 ከማሸንፍ በ8 ባሸንፍ ይሻለኛል።

ናቲ፦ ዳኛ ነው ወይስ ዳይስ የሚለው ክርክር ግን ከእኛ በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትዝ የሚባል የፕሩሲያ መኮንን ለጦር ሠራዊቱ የካርታ ላይ የጦርነት ጨዋታ አወጣ። ዳኛ ነበረው፣ ዳይስም የጉዳት ሰንጠረዥም ነበረው። ሕጉ እየበዛ ጨዋታውን አንቆ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1876 ቨርዲ ዱ ቬርኗ የተባለ ሌላ መኮንን ተነስቶ ሰንጠረዡን ተዉት፣ ልምድ ያለው ዳኛ አይቶ ይፍረድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሮልፕሌይ ጨዋታ ወጣ፤ ሕጉም ዳኛውም በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ማታ ማታ ግሩፓችን ውስጥ የምንጨቃጨቀው እነዚያ መኮንኖች በተጨቃጨቁበት ነገር ነው።

ሳምሪ፦ አሁን ወደ ቦታው እንግባ፤ እኔ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ውጊያ ሲጽፍ «አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ» ይላል። ሜዳ ምንም አያደርግም። እኛ ከፒያሳ ሰባ ደረጃን ወሰድን። ስሙንና ዳገቱን ነው የወሰድነው፤ የቀረውን ፈጥረነዋል። በእኛ ዓለም ላዩ ላይ የደወል ማማ አለ፣ ሥሩ ወንዝ ነው፣ በክረምት ድንጋዩ ይንሸራተታል። አንዱ ደረጃውን ወጪ ነው፣ አንዱ ጠባቂ። 35ኛው ደረጃ ላይ ይጀምራሉ።

ናቲ፦ የጤና ነጥብ (ኤችፒ)፣ ሌቭል የሚባል የለም። ያለህ የቆምክበት ደረጃ ነው። ስታሸንፍ ትገፋለህ፣ ስትሸነፍ ትገፋለህ።

ሳምሪ፦ አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርገህ አንብበው! ግን የመጀመሪያው ሙከራችን እንዳልሠራ እንናገር። ጥሩ ምት 10 ደረጃ፣ መካከለኛው 5 አልን። ውጊያው አላልቅ አለ። አንዱ 5 ወጣ፣ ሌላው 5 አወረደው። ሳምንት ሙሉ እዚያው እዚያው። ተመልካቹ ሁሉ ደከመው።

ናቲ፦ ደወሉን ያመጣነው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ተራ። ከዚያ ማማው ላይ ደወል ይደወላል። ወጪው ከ35 በላይ ከቆመ አሸነፈ፤ ካልቆመ ጠባቂው አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ውጊያ ሁለት ማታ ቢፈጅ ነው።

ሳምሪ፦ በየሦስት ተራው ደግሞ ቦታው ራሱ ተራ አለው። ዳኛው አንድ አረፍተ ነገር ይጽፋል። ጎርፍ ወረደ። የታችኛው በር ተከፈተ። ጅብ ጮኸ። ማንንም አይመታም፤ ግን ሁለቱም ለሱ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ አይችሉም። ደካማ የሚባል ጸሐፊ እንኳ ጎርፉ ሲመጣ ነፍስ ሲዘራ አይቻለሁ።

ናቲ፦ አስማት ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ተራ ይፈጃል። በመጀመሪያው ተራ ጠልሰሙን ስትፈታ ባላንጣህ ያይሃል። በቃ፣ ይሄ ብቻ ግማሹን ክርክር አጠፋልን።

ሳምሪ፦ ውርርዱን ንገራቸው።

ናቲ፦ ድሮ በእኛ ሀገር ሙግት እንዴት ነበር? «በላ ልበልሃ» ብለው ይገጥማሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ዳኛ መሀል ተቀምጧል፤ ማር ወይ በቅሎ ይወራረዳሉ። እኛም ከውጊያ በፊት ሁለቱም ውርርዳቸውን እንዲጽፉ አደረግን። ብሸነፍ የማጣው ምንድነው? መሞት ግዴታ አይደለም። ፈረስ ሊሆን ይችላል። መሐላ ሊሆን ይችላል። አንዱ የአባቱን ስም አስይዞ ተሸንፎ እስካሁን ያለ አባት ስም ነው የሚጠራው፤ በጣም ቆንጆ ታሪክ ሆኖለታል።

ሳምሪ፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ግን ሰው የማይቆጣው ስለተነገረው አይመስለኝም። ሊያጣ የሚችለውን ቀድሞ ራሱ ሲመርጥ ነው የማይቆጣው። ያን ሌሊት ማንም ምን ታስይዣለሽ ብሎ አልጠየቀኝም ነበር።

ናቲ፦ ያለፈውን ሳምንት ንገሪያቸው እንጂ።

ሳምሪ፦ ባለፈው ሳምንት አዲሷ ገጸ ባሕርዬ ወጪ ነበረች። ያስያዘችው ሾተሏን ነው፤ የአያቷ ነበር። 45ኛው ደረጃ ደርሳ ነበር። ቦታው ተራው ሲደርስ ጎርፍ ወረደ። እሷ ቃጣች፣ ዳይሱ 4። ጠባቂው ቃጣ፣ ዳይሱ 11። 35 ላይ ወረደች። የመጨረሻው ላይ እሷ 5፣ እሱ 8። ደወሉ ሲደወል 30 ላይ ቆማለች። ያን የመጨረሻ ፖስት ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እጇን ራሴ ከፈትኩት። ሾተሉ ከደረጃ ደረጃ እየተንኳኳ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ጠባቂውን የሚጽፈው ልጅ በውስጥ መስመር «ይቅርታ» አለኝ። ምንም አልከፋኝም አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ናቲ፦ ከዚያስ?

ሳምሪ፦ በማግስቱ ገና በዚያ ሳምንት የገባች ልጅ፣ አንድም ውጊያ ያልገጠመች፣ የመጀመሪያ ፖስቷን ጻፈች። ገጸ ባሕርይዋ ወንዙ ዳር ልብስ አጣቢ ናት። ውኃው ውስጥ እጇን ስትሰድ አንድ ቆልማማ ብረት ነካች።