ሐሙስ ማታ ከግቡ ቋሚ አጠገብ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ቀን ቀን የቧንቧና የማሞቂያ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ደግሞ በጀርመን ሄሰን ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ የታዳጊዎች ቡድን አሠልጣኝ ስለነበሩ ሰው ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይወዱ፣ ልጆች ሳለን እንጠራቸው እንደነበረው «ትሬነር» እላቸዋለሁ፤ በጀርመንኛ አሠልጣኝ ማለት ነው።

ትሬነር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሄሰን ኦበርሊጋ በግራ ተመላላሽነት ተጫውተዋል። ያ ሊግ በዚያ ዘመን ከሁለቱ ቡንደስሊጋዎች ቀጥሎ ሦስተኛው እርከን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሬጂዮናልሊጋ ከበላዩ ሲመጣ ወደ አራተኛ፣ በ2008 ደግሞ አዲሱ ሦስተኛ ሊጋ ሲቋቋም ወደ አምስተኛ ዝቅ ብሏል። ለእርሳቸው እሑድ በብዙ ተመልካች ፊት መሮጥና ሰኞ ጠዋት በሰው ምድር ቤት ተንበርክኮ ቧንቧ መበየድ የአንድ ሕይወት ሁለት ገጽ ነበሩ።

የጉልበታቸው ጅማት ተበጥሶ፣ ታክመው በዓመቱ ሲመለሱ፣ አንድ እሑድ በመልበሻ ክፍሉ በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን አጡት። ቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህን ለእኔ የነገሩኝ ከተዋወቅን ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሥራ መኪናቸው ስንሄድ ነው፤ ሲናገሩም ዐይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። እኔም የሐሙሱ ልማዳቸው ከየት እንደመጣ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ልማዱ እንዲህ ነው። ቅዳሜ በመጀመሪያው አሰላለፍ የማይገባውን ልጅ፣ ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ከግቡ ቋሚ አጠገብ ለብቻው ጠርተው ይነግሩታል፤ ምክንያቱንና ስንት ደቂቃ እንደሚጫወት ጭምር። ከአዲስ አበባ በመጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ13 ዓመቴ፣ ጀርመንኛ ገና ሳይገባኝ ተራው የእኔ ሆነ። ትሬነር ንግግራቸው እንዳልገባኝ ሲያዩ የኳሱን ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጡና፣ ጥቁር ቅባት ከጥፍራቸው ሥር ያልለቀቀውን ዐሥር ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ አጠፉ፤ ደግመው ዘረጉ። ሃያ ደቂቃ። ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ተጫወትሁ።

የጀርመን ሕግ እንዲህ ያለው የትርፍ ጊዜ አሠልጣኝ ከሚያገኘው ገንዘብ የተወሰነውን ከግብር ነጻ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ጣሪያው ከ2,400 ወደ 3,000 ዩሮ ከፍ ብሏል። ትሬነር ግን ወደ ጣሪያው ተጠግተው አያውቁም፤ የሚከፈላቸው ለነዳጃቸው እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ስንጓዝ አዘውትረው የሚያወሩልን እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1994 ስለተደረገው የጀርመን ዋንጫ ግጥሚያ ነበር፤ ፌስተንበርግስግሮይት የተባለ የመንደር ቡድን፣ በጆቫኒ ትራፓቶኒ የሚሠለጥነውን ባየርን ሙኒክን 1 ለ 0 ያሸነፈበት። ግቡን ያስቆጠረውን ሮላንድ ሽታይንን ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር። እርሳቸው የሚጠይቁን ግን በዚያ ዕለት ተጠባባቂ ወንበር ላይ እነማን እንደተቀመጡ ነበር። አንዳችንም መልስ ሰጥተን አናውቅም፤ እርሳቸውም ዝም ብለው ይነዱ ነበር። ያን ዝምታ ያኔ እንደ ቁጣ ቆጥሬው ነበር፤ ዛሬ ግን ሐዘን እንደነበረበት አምናለሁ።

አሁን ትሬነር ጉልበታቸው ደክሞ ማሠልጠኑን ትተዋል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ትንንሾቹን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ወደ ግቡ ቋሚ ጠራሁ። ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላስል አድሬ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ቃሉ ጠፋኝ። ልጁ ቀና ብሎ «ስንት ደቂቃ?» አለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ዐሥሩም ጣቶቼ ተዘርግተው ነበር።