አራት ቁጥር ብቻ

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ድሬ ነው ያለሁት። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል፤ ቬንትሌተሩን አጥፍቼ ነው የምቀዳው። ድምፁ ማይኩ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ። ዛሬ አጠር ካልኩባችሁ ምክንያቱ ላቤ ነው። ግንቦት እኮ ነው፣ አቦ!

የማወራው ደግሞ ስለ ማራገቢያ ነው። የቤቱን አይደለም፣ የመኪናዬን።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። የአየር ማዞሪያዋ ከ1 እስከ 4 ይቆጥራል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ 1 ላይ ሳደርገው ዝም፣ 2 ላይ ዝም፣ 3 ላይም ዝም። 4 ላይ ሲደርስ ማዕበል። መሃል ላይ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ስትሳፈር ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምቃ ትቀመጣለች። ስልክ ሲደወልልኝ አጠፋዋለሁ፣ አውርቼ ስጨርስ እከፍተዋለሁ። ወራት እንዲህ ሄድኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ “ጠባይዋ ነው” እል ነበር። እንደ አንድ አስቸጋሪ አክስት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ሳቢያን አካባቢ 4 ቁጥርም ዝም አለ። ከዝምታው በፊት የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ሸቶኝ ነበር። ከውጭ የመጣ ነው ብዬ መስኮት ዘጋሁ! አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ጋራዥ ሄጄ “ጋዝ ሙላልኝ” አልኩ። ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ድሬ ውስጥ ኤሲ አልሰራ ካለ መልሱ ጋዝ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው መድኃኒት እሱ ብቻ ነው። ሰውየው ሞላልኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ነፋስ የለም። እንዴት ይኑር? ጋዙ የሚያቀዘቅዘው ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለውን ቱቦ ነው። ያንን ቅዝቃዜ ተሸክሞ ፊታችን ላይ የሚያመጣው ማራገቢያው ነው። ጋዝ ደግሞ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ የሚያፈስ ቦታ ከሌለ እዚያው ይዞራል። ሰውየው አልዋሸኝም። ያልኩትን ነው ያደረገልኝ።

በዚሁ መሃል ሐረር ልቅሶ መጣ። እማዬን ይዤ በጠዋቱ ወጣሁ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ሐረር ወደ 1,900። መሃል ላይ ደንገጎ አለ፣ ጥምዝምዙ። ባቡሩ ራሱ ይህን ተራራ ሸሽቶ እታች ቀርቷል። በፈረንጆች 1902 ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ሰበብ ነው። ባቡር የፈራውን እኔ በአሮጌ ኮሮላ።

ግማሹን እንደወጣን የሙቀት ቆጣሪው ወደ ላይ ተነሳ። ዳር ያዝኩ። ከኋላችን የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ቀዝቀዝ አደረገና በመስኮት “ማሞቂያውን ክፈተው፣ እስከ መጨረሻው!” ብሎኝ አለፈ። በዚያ ሙቀት። እማዬ አየችኝ። “ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?” አለች።

ሰውየው ግን ልክ ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ውሃ ዳሽቦርዱ ጀርባ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል። ማሞቂያውን ከፍተህ ማራገቢያው ሲነፍስባት፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ አንተ ይመጣል። አንተ ትቀቀላለህ፣ ሞተሩ ትንሽ እፎይ ይላል። ውሃው ካላለቀ ነው ታዲያ። ማዞሪያውን ወደ ቀዩ ወሰድኩት። ማራገቢያውን 4 አደረግኩት። ምንም። ለካ ቅዝቃዜውንም ሙቀቱንም የሚያመጣው ያው አንድ ማራገቢያ ነው! ይህን ያህል ዓመት ስነዳ፣ ለማሞቂያው ሌላ ማራገቢያ ያለ ይመስለኝ ነበር። መቼ ከፍቼው አውቃለሁ? ድሬ ውስጥ ማሞቂያ የሚከፍት ሰው አይታችኋል?

ሞተር አጥፍተን አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። የራዲያተሩን ክዳን አልነካሁም፤ ትኩስ እያለ የከፈተ ሰው ፊቱን እንደሚጠበስ ቢያንስ ያንን አውቃለሁ። እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታች ድሬን እያየች፣ “ባቡር ጣቢያው አይታይም?” ትለኛለች። እኔ ልቅሶው አመለጠን ብዬ እቃጠላለሁ። ሲበርድ ውሃ ጨምሬ ቀስ እያልን ደረስን። ሐረር ውስጥ እነዚያ አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች አራቱንም መስኮት ከፍተው ሽር ይላሉ። ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው።

በማግስቱ ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሰሪ ሄድኩ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ገና ሳልጨርስ አቋረጡኝ። “ከመሞቱ በፊት 4 ላይ ብቻ ነበር አይደል የሚሰራው?”

“እንዴት አወቁ፣ ጋሼ?”

“ታዲያ ያኔ ለምን አልመጣህም?”

ምን እላቸዋለሁ? ጠባይዋ ነው ልበል?

መጀመሪያ ፊውዙን አወጡ። ደህና ነው። ከዚያ ተሳፋሪው እግር በላይ፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ አንገታቸውን አስገቡ። የማራገቢያውን ሞተር ሶኬት ነቅለው በሙከራ አምፖል ነኩት። በራ። መብራት ይደርሳል፣ ማሳው፣ ማለትም መብራቱ ወደ መኪናው ብረት የሚመለስበት ሽቦም ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሶኬቱን መልሰው የካቻቢቴውን እጀታ አዙረው ሞተሩን ኳ፣ ኳ አደረጉት። አቃሰተ። ከዚያ ዞረ! እኔ “ተሰራ!” አልኩ። እሳቸው ሳቁ። “ተመታ እንጂ መች ተሰራ” አሉ። ሲመቱት የሚነሳ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ፣ ለሚዞረው ክፍል መብራት የሚያቀብለው፣ አልቋል፤ ነገ መልሶ ይተኛል።

ሦስት ብሎን ፈትተው ሞተሩን ወደ ታች አወረዱት። ይህን ባያችሁት። የማራገቢያው ክንፎች በደረቅ የኒም ቅጠል ተጠቅጥቀዋል። በላዩ አቧራ፣ ቀይ ቡናማ፣ እንደ በርበሬ የላመ። መሃል ላይ ደግሞ የጫት ገራባ። እሱ የማን እንደሆነ አልናገርም፤ መኪናዋን አንዳንዴ አማቼ ይወስዳታል።

የኒሙ ነገር ግን አሳዘነኝ። ቤቴ በር ላይ አንድ ኒም አለ። መኪናዋን ፀሐይ እንዳይመታት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ነው የማቆማት። ቅጠሉ ከመስታወቱ ሥር፣ መጥረጊያው ጋ ባለው ወንፊት ይገባል። ጥላው ነው ቀስ በቀስ ያነቃት።

1፣ 2፣ 3 ለምን እንደጠፉም አሳዩኝ። ሬዚስታንስ የሚሉት ትንሽ ዕቃ አለ፣ የሽቦ ጥቅልል ያለው። በዝቅተኛ ቁጥሮች መብራቱ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ፍጥነቱን የሚቀንሰው እሱ ነው። 4 ላይ ግን እሱን ዘሎ በቀጥታ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሬዚስታንሱ ሲቃጠል 4 ብቻ የሚተርፈው። የሚገርመው፣ ዕቃው የተገጠመው ራሱ ማራገቢያው በሚነፍስበት መንገድ ላይ ነው፣ እንዲበርድ ተብሎ። ሞተሩ ሲከብደው ብዙ መብራት ይስባል፣ ነፋሱም ይደክማል፤ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። እነዚያ ሁሉ ወራት መኪናዋ እየነገረችኝ ነበር። የአየር ማዞሪያቸው በእጅ የሚዞር ሳይሆን በዲጂታል የሚሰራ መኪኖች ዕቃቸው ሌላ ነው፣ እነሱን አልነካም።

ደግሞ አማቼ “የሲጋራ ብር ወረቀት ፊውዙ ቦታ ላይ ጠቅልለህ አድርግበት” ብሎኝ ነበር። ለጋሼ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። የሞተሩን ሶኬት ብቻ አነሱና አሳዩኝ። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቡና መስሏል፣ አንዱ ጥርስ ቀልጦ ተጣብቋል። ያቺ የሳቢያን ሽታ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው።

ሞተር፣ ሬዚስታንስ፣ ሶኬት ተቀየረ። ርካሽ አልነበረም። ካርቦኑን ብቻ ቀይረው ለመመለስ ሞክረው ነበር፣ ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል። ከመስታወቱ ሥር ያለውን ቅጠል ጠርገው ሲጨርሱ “ኒሙን አትቁረጠው፣ በየሳምንቱ ጥረገው” አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለአርባው እንደገና ሐረር ሄድን። ደንገጎን ያለ ችግር ወጣናት። ስንመለስ መሽቶ ነበር፣ ሐረማያ ጋ ብርድ አለ፤ እማዬ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። “ያንን የእብዱን ሰውዬ ነገር ክፈተው እስቲ” አለችኝ። ማሞቂያውን ማለቷ ነው። ቀዩ ላይ አደረግኩት፣ ማራገቢያውን 1 ላይ። ሹሹሹ ይላል፣ የሚሰማም አይመስልም። ነጠላዋ አልተነቃነቀም። ደንገጎ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

በቃ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። መቅጃውን ላጥፋና ቬንትሌተሬን ልክፈት። ደህና እደሩ።