ደብዳቤው የሚጻፈው ለማያውቀን ሰው ነው

ክቡራን ወላጆች፣ ሞግዚቶች፣ መምህራን፤ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ልጅ ወደ ውጭ አገር ትልካላችሁ። ከአያቱ ጋር የሚሄድ አለ፤ ከመምህሩና ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የሚሄድ አለ፤ ብቻውን በአየር መንገድ ሠራተኛ እጅ የሚሄድም አለ። ትኬት ተቆርጧል፣ ሻንጣ ተገዝቷል። እኔ የምናገረው ብዙ ጊዜ ከሻንጣው በኋላ ስለሚታወሰው ወረቀት ነው፤ ወላጆች ልጃቸው ያለ እነርሱ እንዲጓዝ መፍቀዳቸውን ስለሚመሰክረው ደብዳቤ።

ሥራዬ ሰነድ ማርቀቅ ነው። ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ለእህቴ ልጅ የጻፍኩት ነው። 13 ዓመቷ ነበር፤ ከአያቷ ጋር ልትጓዝ ነው። አባቷ የመርከብ ሠራተኛ በመሆኑ በዚያ ሰሞን ባሕር ላይ ነበር። ልጅቷ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ስለሆነ የእናትየው ፊርማ ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አልሞላም። «ልጄ ከአያቷ ጋር እንድትጓዝ ፈቅጃለሁ» ይላል። የአያትየው ሙሉ ስም የለበትም፤ የፓስፖርት ቁጥር የለበትም፤ የአባትየው ነገር ጨርሶ አልተነሣም። ትኬትና ፓስፖርት የምታየው ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አነበበችውና «አባቷስ?» ብላ ጠየቀች። አያትየው እህቴ ጋ ደወሉ፤ እህቴ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ስልኳን ዘግታለች። አውሮፕላኑ ሄደ። እኔ ስደርስ ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ቀና ብላ አየችኝና «አጎቴ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?» አለችኝ።

ያቺ ሠራተኛ አልበደለችንም፤ በቦታዋ ብሆን እኔም ያንኑ እጠይቅ ነበር። አንዲት አረጋዊትና አንዲት ልጅ ፊቷ ቆመዋል። በፓስፖርታቸው ላይ ያለው ስም አይገናኝም። እውነት አያቷ ናቸው? አባቷ መሄዷን ያውቃል? ትመለሳለች? ልጅን ያለ ፈቃድ ድንበር የሚያሻግረው ሰው ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ነው። በ1980 በሄግ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጣው ለዚሁ ነው፤ ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስምምነቱ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የአሳዳጊነት መብት ተጥሶ ከሚኖርበት አገር ከተወሰደ ወይም ሄዶ እንዲቀር ከተደረገ በአፋጣኝ የሚመለስበትን ሥርዓት በአባል አገሮች መካከል ዘርግቷል። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 11 መንግሥታት ይህንኑ እንዲከላከሉ ግዴታ ይጥልባቸዋል። መስኮቱ ላይ የሚቀርብልን ጥያቄ የተወለደው ልጆቻቸው ከጠፉባቸው እናቶችና አባቶች ለቅሶ ነው። ልንቆጣበት አይገባም።

ስለዚህ ደብዳቤውን ስትጽፉ ያንን ሰው በዓይነ ኅሊናችሁ አስቀምጡት። ቤተሰባችሁን አያውቅም። ሌሊት ነው፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። መልሱን ሁሉ ከወረቀቱ ላይ ማግኘት አለበት።

የልጁ ሙሉ ስም በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንደሰፈረው፣ አንድ ፊደል ሳይጨመር ሳይቀነስ ይጻፍ። ቤት ውስጥ የምንጠራበት ስም እዚህ ቦታ የለውም። የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥር ይከተላል። አብሮት የሚሄደው ሰው ደግሞ «አክስቱ» ወይም «መምህሩ» ተብሎ አይታለፍም፤ ሙሉ ስሙ፣ የፓስፖርት ቁጥሩና ከልጁ ጋር ያለው ግንኙነት ይገለጻል። ወዴት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚወጡ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ እዚያ የሚያርፉበት አድራሻ ይካተታል። ቀን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉት። 03/04 ብላችሁ ብትተዉት አንዱ አገር ማርች 4 ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ኤፕሪል 3፤ በዚህች ምክንያት ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት መስሎ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። በመጨረሻ የወላጆች ስም፣ የመታወቂያቸው ቅጂ፣ ስልካቸው። ስልክ ስል ልጁ ከቤት ወጥቶ ተቀባዩ እጅ እስኪገባ ድረስ የሚነሣ ስልክ ማለቴ ነው። ከዚህ ጋር የልደት ምስክር ወረቀቱ ይያያዝ፤ ደብዳቤውን የፈረመው ሰው በእርግጥ ወላጅ መሆኑን የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነውና።

ቅጹን ከየት እናምጣ የምትሉኝ አላችሁ። ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ቅጽ የለም። ብራዚል ውስጥ ልጅ ከአንዱ ወላጅ ጋር ብቻ ወደ ውጭ ሲወጣ ፊርማው የተረጋገጠ የሌላው ወላጅ ፈቃድ በሕግ ይጠየቃል። ፈረንሳይ በ2013 ትታው የነበረውን የመውጫ ፈቃድ በ2017 መልሳ አጽንታለች፤ እዚያ የሚኖር ልጅ ያለ ወላጅ ከአገር ሲወጣ በመንግሥት ቅጽ ላይ የአንድ ወላጅ ፊርማና የፈራሚው መታወቂያ ቅጂ ያስፈልገዋል። ደቡብ አፍሪካ በ2015 ልጅ ይዞ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ የወላጆች ስም የሰፈረበት የልደት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዝዛ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ደንቡን አላልታዋለች። እነዚህን የምጠቅሰው ደንብ ከአገር አገር እንደሚለይ፣ በዚያው አገርም እንደሚለወጥ እንድታዩ ነው። ዘመዳችሁ ከሦስት ዓመት በፊት ያለ ምንም ጥያቄ ማለፉ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም። የሚነሣበትን አገር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ የሚገባበትን አገር ኤምባሲ፣ አውሮፕላን የሚቀይርበት አገር ካለ የዚያንም፣ አየር መንገዱንም ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቪዛ ተሰጥቷል ማለት ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ጉዳይ አልቋል ማለት አይደለም፤ ቪዛ የሚሰጠው የሚገባበት አገር ነው፣ መውጫው ላይ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

ማረጋገጫን በተመለከተ፣ ደብዳቤው በቤት ተፈርሞ ቢሄድ የሚቀበሉ አገሮች ቢኖሩም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት መፈረሙን እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንደ አገሩ ነው። የአንዱን አገር ሰነድ በሌላው አገር ለማረጋገጥ ያለውን ሂደት የሚያቃልል የ1961ዱ የአፖስቲል ስምምነት አለ፤ የሚነሣበትም የሚገባበትም አገር የዚህ ስምምነት አባላት ከሆኑ አፖስቲል የሚባል አንድ ምስክር ወረቀት ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ አባል ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ኤምባሲው ይሄዳል፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አፖስቲል የሚመሰክረው ፊርማውና ማህተሙ ትክክለኛ መሆኑን እንጂ የተጻፈው ነገር እውነት ወይም የተሟላ መሆኑን አይደለም። የእኔ የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ማህተም ነበረበት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ሰው በልቡ የያዘው ጥያቄ «ሌላው ወላጅ የለም፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ከሞተ የሞት ምስክር ወረቀት አለ። ፍርድ ቤት ልጁን የማሳደግ ሥልጣን ለአንድ ወላጅ ብቻ ከሰጠ የውሳኔው የተረጋገጠ ግልባጭ አለ። የት እንዳለ ካልታወቀ ወይም አልፈርምም ካለ ደግሞ በብዙ አገሮች በእርሱ ፈቃድ ፈንታ ፍርድ ቤት ሊፈቅድ ይችላል። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋልና የጉዞው ሐሳብ በተነሣበት ሳምንት መጀመር አለበት። ከመጠየቃችሁ በፊት ትኬት አትቁረጡ። በሩቅ ያለ ወላጅም ቢሆን በሚገኝበት አገር ሰነድ አረጋጋጭ ወይም በአገሩ ቆንስላ ፊት ሊፈርም ይችላል። የእህቴ ባል መርከቡ ወደብ ሲነካ የፈረመው እንዲህ ነው፤ ልጅቷ በሦስተኛው ሳምንት ሄደች።

ተለያይታችሁ ለምትኖሩ ወላጆች ከልቤ የምለምነው አለ። ፊርማን ለሌላ ጠብ መያዣ አታድርጉት። የሚከለክለው ወገን ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነው፤ ልጄ ሄዶ ይቀርብኛል ብሎ ይሰጋል። ለወራት አልፈርምም ያለ አንድ አባት አስታውሳለሁ። እናትየዋ የመመለሻ ትኬቱን ቅጂ፣ የማረፊያውን አድራሻና ልጁ ለአባቱ የሚደውልበትን ሰዓት በጽሑፍ አድርጋ ስትሰጠው በዚያው ቀን ፈረመ። የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ብቻውን የሚበር ልጅ ያላችሁ፣ ብዙ አየር መንገዶች ከ5 እስከ 11 ዓመት ያለውን ብቻውን የሚቀበሉት በልዩ የአጃቢ አገልግሎት ነው፤ ከ5 ዓመት በታች የሆነውን ብቻውን አይቀበሉም። የዕድሜው ልክ ከአንዱ አንዱ ይለያያልና አስቀድማችሁ አጣሩ። ተቀባዩ ሰው ስሙ በቅጹ ላይ ይሰፍራል፤ መታወቂያ ሳያሳይ ልጁን አይረከብም። ተቀባዩ ሊቀየር ከቻለ የሁለተኛ ሰው ስም ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ሕክምናንም አትርሱ። ልጁ ቢታመም አጃቢው እንዲያሳክመው የምትፈቅዱበትን ዐረፍተ ነገር ለብቻው ጻፉት፤ የሚወስደው መድኃኒትና የማይስማማው ነገር ካለ በዝርዝር ይካተት። የመጓዝ ፈቃድ በራሱ የማሳከም ሥልጣን አይሰጥም።

ልጁንም አዘጋጁት። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ «ከማን ጋር ነህ? ወዴት ትሄዳለህ? እናትህ ታውቃለች?» ሊለው ይችላል። ጥያቄው ለእርሱ ደኅንነት መሆኑን፣ እውነቱን መናገር ብቻ እንደሚበቃው ቀድሞ ይስማ። የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ጉዞ ማንም ሳይጠይቃት ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሠራተኛዋ ሰጠች፤ የተጻፈውን ሁሉ አስቀድማ አንብባው ነበር።

ረቂቅ የያዛችሁ ካላችሁ ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ይዛችሁ ኑ። አዳራሹ እስኪዘጋ እዚሁ ነኝ፤ ፓስፖርቱን ከጎኑ አድርገን ስም በስም እናየዋለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።