በቾክ የተሠመረ ቤት
ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ለአማርኛ ተናጋሪ የቴአትር ተማሪዎችና ወላጆች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እናንተም የቅዳሜ ልጆቼ።

ከሁሉ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ወለሉ ላይ በነጭ ቾክ ያሠመርኩትን እንዳትረግጡብኝ። ጠዋት ተንበርክኬ ሳሠምር የአዳራሹ ጠባቂ መጣና "ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ። "ቤት" አልኩት። ትንሽ አየኝና "ስትጨርሺ ትጠርጊዋለሽ" ብሎኝ ሄደ። እጠርገዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ እንገባበታለን።

እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ትወና ነበር። እኔ ደግሞ ትወናን ትታ ስለሄደች ሴት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። "ትታ" ያልኩትን ለጊዜው ተቀበሉኝ፤ ኋላ ራሴ እሰርዘዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሴትዮዋ ጄኒፈር ኬንት ትባላለች። ብሪዝበን ተወልዳ ሲድኒ በሚገኘው ብሔራዊ የድራማ ጥበብ ተቋም፣ ልጆቹ ናይዳ በምትሉት፣ ትወና ተምራ በ1991 ተመረቀች። ተዋናይዋ ኬት ብላንሼትም በዓመቱ የወጣችው ከዚያው ቤት ነው። እዚያ ከምታውቃቸው ልጆች አንዷ ኤሲ ዴቪስ ነበረች። ኤሲን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኬንት ሥራ አላጣችም። ከ1997 እስከ 2000 በቴሌቪዥን በሚታይ አንድ የፖሊስ ድራማ ላይ ቋሚ ሚና ነበራት። ወላጆች ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ "ለመሆኑ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?" የምትሉት ጥያቄ ለእሷ መልስ አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ደመወዝ አለ፤ መንገድ ላይም ሰው ይለያታል። ግን ተዋናይ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ የምትናገረውን ሌላ ሰው ይጽፍላችኋል፣ የምትቆሙበትን ሌላ ሰው በፕላስተር ወለሉ ላይ ምልክት ያደርግላችኋል፣ መብራቱ ሲያልቅ "አመሰግናለሁ፣ ሂጂ" ትባላላችሁ።

እኔ እዚሁ ሜልበርን ኦዲሽን የሄድኩበትን አንድ ቀን ልንገራችሁ። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ሚናው "ነርስ ቁጥር ሁለት" ይላል። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅሁ። የምናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ "ዶክተሩ አሁን ይመጣል።" አልኩት። ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ልጅ በጣም በትሕትና፣ "ትንሽ አፍሪካዊ ልታደርጊው ትችያለሽ?" አለኝ። አዲስ አበባ ስንት ዓመት መድረክ ላይ የቆምኩ ሰው፣ አፍሪካዊነት በምን ድምፅ እንደሚነገር ጠፋብኝ! ሚናውን አልሰጡኝም። ከፍሊንደርስ ስትሪት ባቡር ተሳፍሬ ፉትስክሬይ እስክደርስ በዚያችው ወረቀት ጀርባ የነርሷን ስም፣ የልጆቿን ቁጥር፣ ማታ ፈረቃ የምትገባበትን ምክንያት ጻፍኩ። አሥራ ምናምን ደቂቃ ነው መንገዱ። ነርስ ቁጥር ሁለት ሰው ሆና ወረደች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ።

ወደ ኬንት ልመለስ። የዴንማርኩን ዳይሬክተር የላርስ ፎን ትሪየርን አንድ ፊልም አየች፤ ልቧ ተነካ። ጻፈችለት። ፊልም ትምህርት ቤት መግባት እንደማይሆንላት፣ ከእሱ አጠገብ ሆና ማየት እንደምትፈልግ ነገረችው። ከአውስትራሊያ አንዲት የቴሌቪዥን ተዋናይት ለማታውቀው ሰው! እሺ ተባለች። በ2002 መጀመሪያ ስዊድን ውስጥ ትሮልሄታን በምትባል ከተማ የሌላ ፊልሙ ቀረፃ ላይ ተገኘች።

የዚያ ፊልም መንደር ግድግዳ የለውም። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ወለል ላይ ቤቶቹ በነጭ መስመር ተሥለዋል፤ መንገዱም በመስመር ነው፤ ውሻው ራሱ በቾክ የተሣለ ነው። ተዋናዩ የሌለ በር ይከፍታል፣ የበሩ ድምፅ ይሰማል፣ እናንተም ታምናላችሁ። በዚያ ፊልም ዋናዋ ተዋናይት ኒኮል ኪድማን ናት፤ አውስትራሊያዊት። እስቲ አስቡት፤ የአገሯ ልጅ መብራቱ ሥር ቆማለች፣ ኬንት ደግሞ በራሷ ፈቃድ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ዐሥር ዓመት የሠራ ሰው እንደ አዲስ ተማሪ ጥግ መያዝ ቀላል አይደለም። እኛ አገር ቢሆን "አርጅታ ተማሪ ሆነች" ብለን እንስቅ ነበር። እሷ ግን ከዚያ ያተረፈችው የካሜራ ብልሃት ሳይሆን ድፍረትና በሐሳብ መጽናት እንደነበር ስትናገር ተሰምታለች። ወለሉ ላይ ያያችሁት ቤት እንግዲህ የመጣው ከዚያ ነው።

ከስዊድን ተመልሳ ወዲያው ፊልም ሠራች ብላችሁ እንዳታስቡ። በ2005 ዐሥር ደቂቃ ገደማ የሚሆን ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ሠራች፤ እናት፣ ልጅ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጭራቅ። በየአገሩ ፌስቲቫል ዞረ። ከዚያስ? ጠረጴዛ። ሳይቀረጹ የቀሩ ረጃጅም ስክሪፕቶች ጻፈች። ስለዚህ ጊዜ ብዙ የሚነገር የለም፤ ምክንያቱም ሰው ሲጽፍ የሚታይ ነገር የለም። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው።

ያቺን የጭራቅ ወሬ ግን አልለቀቀቻትም። የመጣችው ከጓደኛዋ ልጅ ነው። ልጁ በየቦታው አንድ የሚያስፈራ ፍጡር አየሁ ይል ነበር። እሷ "እውነት ቢሆንስ?" ብላ ጠየቀች። እኛ ቤት "አያ ጅቦ መጣልህ" ተብሎ ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ ይገባዋል። ስክሪፕቱን አምስተርዳም በሚገኝ የፊልም ማሠልጠኛ ሳይቀር ወስዳ አሸችው። ከዚያ ገንዘቡ። ዋናው የመጣው ከአውስትራሊያና ከደቡብ አውስትራሊያ የመንግሥት ፊልም ድጋፍ ነው። ለቤቱ ግንባታ ግን አልበቃ ብሎ በ2012 በኢንተርኔት መዋጮ ከሕዝብ 30 ሺህ ዶላር ለመኑ፤ ሞላላቸው። እቁብ የሚገባ ሰው ይህን ያህል አይደነቅም፤ ለሲኒማ ሰዎች ግን ጉድ ነበር። ቤቱ አደላይድ ስቱዲዮ ውስጥ ተሠራ። ይህኛው ግድግዳ ነበረው።

ፊልሙ ዘ ባባዱክ ይባላል። ባሏ በመኪና አደጋ የሞተባት ሴት፣ በሞተበት ቀን የተወለደ ልጅ፣ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ የልጆች መጽሐፍ። እናቲቱ ኤሲ ዴቪስ ናት፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ። ከተማሪነት ጀምሮ የሚተዋወቁ ሁለት ሴቶች ሃያ ዓመት ያህል ቆይተው፣ አንዷ ካሜራ ፊት፣ አንዷ ካሜራ ኋላ።

አሁን ለዚህ ሁሉ የመጣሁበት ነገር ላይ ደርሻለሁና ቡናው ቢፈላም ትንሽ ታገሡኝ።

ልጁን የሚጫወተው ልጅ ስድስት ዓመቱ ነበር። በፊልሙ ውስጥ እናቱ አእምሮዋ እየተናወጠ ይሄድና በልጇ ላይ እናት በልጇ ላይ ልትናገር የማይገባትን ትናገራለች። ይህን እንዴት ትቀርጹታላችሁ? እውነተኛ ፍርሃት ከልጅ ፊት ማግኘት በጣም ቀላል ነው። ትጮሁበታላችሁ፤ ያለቅሳል፤ ካሜራው ይይዛል፤ "ምን ዓይነት ትወና ነው!" ይባላል። በየአገሩ እንዲህ ያደረጉ ዳይሬክተሮች አሉ።

ኬንት ምን አደረገች? ቀረፃው ሳይጀመር ሦስት ሳምንት ያህል ከልጁ ጋር ቆየች። ታሪኩን ለልጅ በሚሆን መንገድ ነገረችው። እናቱ ከቀረፃው ቦታ አልጠፋችም። ያ የክፉ ቃል ትዕይንት ሲደርስ ደግሞ ልጁን አወጣችው። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ሁለት ሰው ሲነጋገር ካሜራው አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ይዞራል። እናቲቱ ስትጮህ የምናየው የእሷን ፊት ነው። ከፊቷ ማን እንዳለ ካሜራው አያይም። ስለዚህ ልጁ በነበረበት ቦታ አንድ ትልቅ ሰው በጉልበቱ እንዲንበረከክ አደረጉ፤ ዓይኑ ከልጁ ዓይን እኩል እንዲሆን። ኤሲ የምትጮኸው እሱ ላይ ነበር። ልጁ ያንን ቃል አልሰማም። ፊልም ለመሥራት ብላ የአንድ ልጅ ልጅነት ማበላሸት እንዳልፈለገች ኬንት ተናግራለች።

ያ የተንበረከከ ሰው ከዓይኔ አይጠፋም። ስሙ ፖስተር ላይ የለም። ግን ዳይሬክተሯ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ከሽልማቷ ይልቅ የሚነግረኝ እሱ ነው። ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው ይህን አያስብም አልልም፤ ደግ ሰው ሁሉ ያስባል። ካሜራ ፊት የቆመ ግን ማሰብ አያስፈልገውም፤ የት እንደሚያም ገላው ያውቃል። በውሸት የተጮኸበት ሰው እንኳ ማታ እቤቱ ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጣል። "ከት"፣ ቀረፃው ይቁም፣ ተብሎ መብራት ሲጠፋ ሰውነት "ከት" አይሰማም።

ስለዚህ "ትታ ሄደች" ያልኩትን አሁን እሰርዛለሁ። ይዛው ነው የሄደችው።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። ፊልሙ በ2014 ጥር ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። አገሯ ውስጥ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ወጥቶ ብዙም ሰው አላየውም፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን ተሻሙበት። የአውስትራሊያ ሰው ምርቱን የሚወደው ከውጭ ተመስክሮለት ሲመለስ ነው ይላሉ፤ እኛስ ብንሆን! በ2015 ጥር በአገሪቱ ትልቁ የፊልም ሽልማት ምርጥ ፊልም ተብሎ ራስል ክሮው ከመራው ፊልም ጋር እኩል ወጣ። እሱም ተዋናይ ነው፤ የእሱ በጀት ግን ሌላ ዓለም ነው። የምርጥ ዳይሬክተርና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማቱን ኬንት ወሰደች።

ከአሜሪካ የቀረበላትን ስክሪፕት ሁሉ ትታ ታዝማኒያ ጫካ ገባች። ሁለተኛው ፊልሟ ዘ ናይቲንጌል በ1825 የሚሆን ታሪክ ነው፤ እስረኛ ሆና የመጣች አየርላንዳዊት ሴትና ምድሩን የተነጠቀ የአገሩ ተወላጅ ወጣት። ወጣቱ ባይካሊ ጋናምባር ነው፤ ዳንሰኛ እንጂ የፊልም ተዋናይ አልነበረም። የሚናገረው የታዝማኒያ ነባር ሕዝቦች ከጠፉ ቋንቋዎቻቸው ስብርባሪ መልሰው ያቆሙትን ፓላዋ ካኒን ነው፤ ሽማግሌዎቹን አማክረው ነው የሠሩት። ፊልሙ ከባድ ነው፤ ሲድኒ ሲታይ እየተነሡ የወጡ ነበሩ። ለተዋናዮቹ ግን ቀረፃው ቦታ ላይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ተቀምጦላቸው ነበር። ያው የተንበረከከው ሰው ነው፤ በሌላ መልክ መጣ።

በ2018 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ለዋናው ሽልማት ከተወዳደሩት 21 ፊልሞች ሴት የመራችው የእሷ ብቻ ነበር። ለጋዜጠኞች ሲታይ አንድ ሰው ስሟ ሲመጣ በሴትነቷ ሰደባት። ፊልሙ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ ባይካሊም የወጣት ተዋናይ ሽልማት ይዘው ወጡ።

ሴት ልጆቼ፣ ይህ መንገድ ከኬንት አልተጀመረም። በ1920ዎቹ ሲድኒ ውስጥ ሦስት የማክዶና እኅትማማቾች ፊልም ይሠሩ ነበር፤ አንዷ ትተውናለች፣ አንዷ ትጽፋለች ትመራለች፣ አንዷ ጓዙን ትይዛለች። ከእነሱ የመጨረሻ ፊልም በኋላ በዚህ አገር ሌላ ሴት ረጅም የትረካ ፊልም እስክትመራ 46 ዓመት ፈጀ፤ እስከ 1979። ዛሬ ሊያ ፐርሴል አለች፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ ልጅ ናት፤ ልጅ ሳለች እናቷ ያነበበችላትን አንድ የቆየ አጭር ታሪክ ወስዳ መጀመሪያ ቴአትር፣ ቀጥሎ ልብ ወለድ፣ ቀጥሎ ራሷ ጽፋ፣ መርታና ተውና ፊልም አደረገችው። ተዋናይዋ ራሔል ግሪፊትስም በ2019 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟን መራች፤ በ2015 የሜልበርንን ዋንጫ ስላሸነፈችው ሴት ፈረሰኛ። ያ ፈረስ የሮጠበት ፍሌሚንግተን ከዚህ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ከእናንተ መካከል እዚያ መኪና ስታቆሙ የዋላችሁ ወንዶች እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ "መተወን አልፈልግም፣ መጻፍ ነው የምፈልገው" ብትላችሁ፣ ከአንዱ እንጀራ የሌለው ሥራ ወደ ባሰበት ሄደች ብላችሁ ልትደነግጡ ትችላላችሁ። ደንግጡ። ከኬንት ምርቃት እስከ መጀመሪያዋ ረጅም ፊልም 23 ዓመት ነው፤ አልዋሻችሁም። ወረቀትና እስክሪብቶ ግን ግዙላት።

በሉ፣ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ እንጀምር። ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። ወዲህ ማድ ቤቱ፣ ወዲያ መኝታ ቤቱ፤ ያቺ ክብ ምድጃ ናት። እናት ማታ ፈረቃ አድራ ንጋት ላይ ትገባለች፤ ልጇ ተኝታለች። የሚናገሩትን እናንተ ናችሁ የምትጽፉት፣ ዐሥር ደቂቃ አላችሁ። ጮኸው የሚናገሩት ካለ ለእኔ ጩኹብኝ፣ እዚህ ጋ እንበረከካለሁ። ማን ይቅደም? አንቺ ነይ፣ ባለ ቀይ ሹራቧ። ነይ ግቢ። ኧረ፣ ኧረ በግድግዳው አይደለም እንጂ! በሩ በዚህ በኩል ነው።